ያልታጠበው እጄ

እኔ ቆሻሻ አልወድም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ በኋላ የሠራሁትን ስትሰሙ "ምን ዓይነት እናት ናት!" እንዳትሉኝ ነው። ቡራዩ ውስጥ እኛ ሰፈር የእኔን ድስቶች የማያውቅ የለም። አሉሚኒየም ድስት ከእጄ ሲወጣ እንደ መስታወት ነው። ባለቤቴ አንድ ቀን መስታወቱ ቢጠፋበት በድስቴ ጢሙን ተላጨ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ድስት ወጥ ሠርቼ አላውቅም፤ ሳየው ጢም ጢም ይለኛል።

ከቤታችን ፊት ለፊት ሱቅ ያላት ጎረቤቴ ዘይነባ፣ ደጅ ቁጭ ብዬ በአመድና በሽቦ ስፈትግ ባየች ቁጥር አታልፈኝም።

"አንቺ ሴት፣ ይህን ድስት ፈትገሽ ፈትገሽ ወንፊት ልታደርጊው ነው?"

"ንጹሕ ወንፊት ይሆናላ!" እላታለሁ።

ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። አርሲ ተወልጄ እዚያው ተዳርኩ። ባለቤቴ ሰበታ ፋብሪካ ሥራ ሲያገኝ ጓዛችንን ጠቅልለን መጣን፤ ቤት መሥሪያ የተገኘው ግን ቡራዩ ስለነበር እሱ ሳምንቱን ሰበታ እያደረ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። ስለዚህ ስድስቱን ቀን የምፈራው ብቻዬን ነበር። መፍራት ደግሞ ሥራ ነው። ዝናብ ሲመጣ ጣራው፣ ፀሐይ ሲወጣ ጉድጓዱ፣ ልጅ ሲወጣ መንገዱ፣ ልጅ ሲገባ ሳሉ። ሰው ሲደክመው ያርፋል፤ እኔ ሲደክመኝ ያልፈራሁት ነገር ቀርቶ እንደሆነ አስባለሁ።

ልጃችን አንድ ናት፣ ኦብሴ። ገና ስምንት ዓመቷ ሳለ የአባቷን የማንበቢያ መነጽር ሰርቃ ጨው ታይበት ነበር። ጨው! እኔ ወጥ ውስጥ የምጨምረውን ጨው፣ መሬት ላይ በሆዷ ተኝታ አንድ ጠዋት ሙሉ ስታየው ትውላለች። "ምን አገኘሽ?" ስላት "ቤት ነው እማ፤ አራት ማዕዘን አለው" አለችኝ። ልጄ አበደች ብዬ ጸበል ልወስዳት ስል መነጽሩን ፀሐይ ላይ ረስታው የፍራሹን ድርቆሽ አቃጠለችልኝና ከእብደቱ ይልቅ እሳቱን መፍራት ጀመርኩ።

አድጋ ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ ያጠናችው ፊዚክስ ነው። ሰው "ዶክተር ልትሆን ነው?" ሲለኝ "አዎ" እላለሁ። "የምን?" ሲለኝ ነበር ችግሩ። አንድ ጊዜ "የአፈር" ብዬ ብመልስ ሴትየዋ አዝና ጉንጬን ሳመችኝ።

እውነቱ ግን ይህ ነው። ኦብሴ ከገፈርሳ ግድብ አጠገብ ሸክላ አፈር ትቆፍራለች፤ ታቃጥለዋለች፤ ትፈጨዋለች። ውሃ ሲያልፍበት ቆሻሻውን እየያዘ የሚያስቀር አፈር ነው። እንዴት እንደሚይዝ ለማወቅ ደግሞ የአፈሩን ቀዳዳ ማየት አለባት፤ ቀዳዳው በዓይንም በመነጽርም አይታይም። የሚታየው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው። አንድ ቀን ሽሮ እየነፋሁ አጠገቤ ቁጭ ብላ እንዲህ አስረዳችኝ።

"እማ፣ ብርሃን ለዚህ ሥራ ወፍራም ነው። ሽሮን በወንፊት ፈንታ በዘንቢል ብትነፊው ምን ይለያል? ምንም። ኤሌክትሮን ግን ቀጭን ነው። ስለዚህ በብርሃን ፈንታ በኤሌክትሮን ነው የምናየው።"

ገባኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጄ በዓለም ላይ ካሉት ወንፊቶች ሁሉ የደቀቀው አላት እያልኩ በልቤ እኮራ ጀመር።

ማሽኑ ያለው አዲስ አበባ ሲሆን ወረፋው ረጅም ነው። ኦብሴ ወራት ጠብቃ የአንድ ቀን ተራ ደረሳት፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት። በዚያው ዕለት ማሽኑን የሚመሩት ዶክተር የተማሪዎቹን ሥዕሎች አይተው ውጭ አገር ለሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት አንድ ሰው ይመርጣሉ። በማግስቱ ይሄዳሉ። ያ ቀን ካለፈ አለፈ።

እኔ እንዳትሄድ ነበር የምፈልገው። አልደብቃችሁም። ስንት ቀን ሙሉ "እዚያ አገር በረዶ አለ፤ ሳልሽ ይነሣል" ስላት ከርሜአለሁ። በረዶው ሲያልቅብኝ አውሮፕላኑን ጀመርኩ። አንድ ቀን ተቆጥታ "እማ፣ አንቺ እኮ ብትችይ እግሬን ታስሪው ነበር!" አለችኝ። ያች ቃል ውስጤ ቀረች።

ጊዜውም የሚያስፈራ ነበር። ማስተር ፕላን የሚባለው ነገር የተነሣበት ወቅት ነው። አዲስ አበባ ሰፍታ እኛን ልትጠቀልል ነው ተባለ። ቡራዩም ሰበታም ሱሉልታም ገበሬው "መሬቴ ሊሄድ ነው" ብሎ እንቅልፍ አጣ፤ ልጆቹም መንገድ ላይ ወጡ። የወጡት ሁሉ ወደ ቤታቸው አልተመለሱም። ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ያየኋቸውን እናቶች ዛሬም አልረሳቸውም። ባለቤቴ ከሰበታ እየደወለ "ከቤት እንዳትወጡ!" ይላል፤ እህቴ ከሱሉልታ እየደወለች "እኛ ጋ ተዘግቷል፣ እናንተ ጋስ?" ትላለች። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ልቤ ቀድሞኝ ያነሣል።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ከቀጠሮው በፊት ባለው ቀን ከሰዓት በኋላ እኛ ቤት መብራት ጠፍቶ ስለነበር ኦብሴ ልብሷን ልትተኩስ ዘይነባ ጋ ሄደች። ጠረጴዛው ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን ትታለች። እኔም ሳጥኑን ልወለውል አነሣሁት። የልጄ ዕቃ ነውና ከፍቼ አየሁ። ውስጡ ስምንት የአሉሚኒየም ነገሮች ተደርድረዋል፤ ከአዝራር ተለቅ ይላሉ፤ ከሥራቸው አጭር እግር ስላላቸው እንጉዳይ ነው የሚመስሉት። ሲያምሩ! ግን ምን ያደርጋል፣ የእያንዳንዳቸው ራስ ላይ ጥቁር ፕላስተር ተለጥፎ፣ በፕላስተሩ ላይ ደግሞ ግራጫ አቧራ ተጣብቆበታል።

ፊቴ ነደደ። ነገ ስንት ትልቅ ሰው ፊት የሚቀርብ ዕቃ! ዶክተሩ ሳጥኑን ከፍተው "ይህች ልጅ እናት የላትም እንዴ?" ሲሉ በጆሮዬ የሰማሁ መሰለኝ።

ፕላስተሩን በቢላዋ ፋቅሁት። ሙጫው አልለቅ ሲል በሎሚ አሸሁት። ከዚያ አመድ፣ ከዚያ ሽቦ፣ ከዚያ የዱቄት ሳሙና፣ ከዚያ ንጹሕ ውሃ። እግራቸውን ሳይቀር በጥርስ ብሩሽ ፈተግሁት። ስምንቱም ሲያበሩ ዓይን ያጭበረብራሉ። መልሼ ደረደርኳቸው፤ ሳጥኑንም ዘግቼ እንዳይከፈት ዙሪያውን ጠበቅ አድርጌ አሸግኩት። ለኦብሴ አልነገርኳትም። ሥራዬን መናገር አልወድም፤ እዚያ ስትደርስ ትደነቅ ብዬ ነው።

ተደነቀች።

በማግስቱ ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወጣች። ሁለት ዳቦ፣ አንድ ሎሚ፣ የመታወቂያዋን ሦስት ቅጂ ቦርሳዋ ውስጥ ከትቼ ሸኘኋት። ሁለት ሰዓት ላይ መንገዱ ተዘጋ። ሦስት ሰዓት ላይ ወደ ዘይነባ ሱቅ ተሻገርኩና ትናንት የሠራሁትን ነገርኳት፤ ለአንድ ሰው መንገር ይፈቀዳል።

ዘይነባ ስኳር እየመዘነች ነበር። እጇ አየር ላይ ቀረ።

"አፈሩንስ ምን አደረግሽው?"

"የቱን አፈር?"

"ላዩ ላይ የነበረውን!"

"አጠብኩታ! ምን ላድርገው ታዲያ፣ ላስቀምጠው?"

"ያ አላህ! አንቺ ሴት፣ ትምህርቱ እኮ እሱ ነው! ልጅሽ እዚሁ ቆማ ነግራኛለች፤ አፈሩን በዚያ እንጉዳይ ላይ ለጥፈው ነው ማሽኑ ውስጥ የሚያስገቡት። ዲግሪዋን ነው ያጠብሽው!"

ወዲያው ደወልኩ፤ ስልኳ ዝግ ነው። ማሽኑ ያለበት ክፍል ስልክ አይገባም ብላኝ ነበር። ትዝ ያለችኝ ደግሞ ያች ቃል ናት፤ "ብትችይ እግሬን ታስሪው ነበር።" አሁን ሳጥኑን ስትከፍት ምን ትላለች? እናቴ ድስት ፈታጊ ስለሆነች ነው ትላለች? አትልም። እናቴ እንዳልሄድ ብላ አውቃ ነው ትላለች። ዕድሜ ልኳንም እንዲያ ታስባለች። የከፋው ነገር ደግሞ፣ እኔ ራሴ ልቤን ብጠይቀው "አላውቅም" እንዳይለኝ ፈራሁ።

ቤት ገብቼ ጓዳውን በረበርኩት። ኦብሴ የተረፋትን አፈር በአሮጌ የማር ጠርሙስ አስቀምጣለች፤ ወደ ግማሽ ኪሎ ይሆናል። እሱን ያዝኩ። ከበሩ ኋላ ደግሞ ሲንቄዬን አነሣሁ።

ሲንቄ እኛ አርሲ ልጅ ስትዳር እናቷ የምትሰጣት ቀጭን ዘንግ ናት። ሴት ሲንቄዋን ይዛ በጠብ መካከል ከቆመች ጠቡ ይቆማል፤ እሷን መግፋት ትልቅ ነውር ነው። ለመንገድ ጉዳይ እንዳልተሠራች አውቃለሁ፤ እናቴ ብታየኝ ከመቃብሯ ትነሣ ነበር። ግን በእኔና በልጄ መካከል ጠብ ሊገባ ነውና ለእርቅ ነው የምሄደው ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

"በዚህ መንገድ? ዛሬ?" አለች ዘይነባ። "አንቺ ከዶሮ ጩኸት የምትደነግጪው?"

"እየደነገጥኩ እሄዳለኋ!"

ዋናው መንገድ ላይ ድንጋይና የባሕር ዛፍ ግንድ ተጋድሟል። ወጣቶቹ ተሰብስበው ይዘምራሉ። ሲንቄዋን ሲያዩ መዝሙሩን አቆሙ። አንድ ረጅም ልጅ ወደ እኔ መጣ፤ የጎረቤታችን የኦቦ ገመቹ ልጅ ነው፤ ከኦብሴ ጋር አብሮ የተማረ።

"ሃርሜ፣ ኤሳ ዴምቱ?" አለኝ። እናቴ፣ ወዴት ነው የሚሄዱት ማለቱ ነው።

"ኦብሴ ጋ ነው ልጄ።"

"ጠርሙሱስ ምንድነው?"

"አፈር ነው። የገፈርሳ አፈር። አዲስ አበባ ላደርስላት ነው።"

መጀመሪያ እሱ ሳቀ፤ ከዚያ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ ጮኸ። "ስሙ! እኛ መሬታችንን አናስወስድም ብለን መንገድ ዘግተን እንውላለን፤ ሃርሜ ደግሞ በጠርሙስ ያቀብሏቸዋል!"

ያን ሁሉ ድንጋይ የያዘ ሰው ሲስቅ ሰምቼ አላውቅም። እኔም ፈርቼ ሳቅኩ። ከዚያ ልጁ ጠርሙሱን ተቀብሎ በፀሐይ አየው፤ "ኦብሴ አሁንም አፈሯን አልተወችም?" አለ ቀስ ብሎ። ግንዱን ለሁለት አንሥተው አሳለፉኝ። "ይንገሯት፣ ይህቺን መሬት በደንብ ትያት" አለኝ። ያ ልጅ ከዚያ ዓመት በኋላ ከሰፈራችን ጠፋ፤ የት እንዳለ ዛሬም አናውቅም። አባቱ ኦቦ ገመቹ ሲያገኙኝ "ምን ነበር ያለሽ?" ይሉኛል፤ እኔም ከመጀመሪያው እነግራቸዋለሁ። ሳቁ ጋ ስደርስ ሁልጊዜ ድገሚው ይሉኛል።

አስኮ ልደርስ ስል ደግሞ ፈታሾች አሉ፤ መሣሪያ የያዙ። አንዱ፣ ጎልማሳ ነው፣ ጠርሙሱን ከሩቅ ሲያይ ወደ ኋላ አለ።

"እናቴ፣ ይቁሙ! ምንድነው ይሄ?"

"አፈር ነው።"

"አዲስ አበባ አፈር አልቆ ነው?"

"ለማይክሮስኮፕ ነው ልጄ፤ ብርሃን ወፍራም ስለሆነ..." ብዬ እንደ ነገረችኝ ላስረዳው ጀመርኩ። ስለ ሽሮውና ስለ ዘንቢሉ ስነግረው ጥርጣሬው ባሰበት። ያን ጊዜ ጠርሙሱን ከፍቼ እጄን ከተትኩ፤ አፈሩን በመዳፌ ላይ እያሸሁ "ይኸው! አይፈነዳም!" አልኩት። አላመነም። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ቀመስኩት። አንድ ጊዜ ቀምሼ ስላላመነ ሁለተኛ ቀመስኩ።

"እናቴ ይተዉ! ፈንጂ በምላስ አይፈተሽም" አለ ሰውየው፤ ሳቁን ለመያዝ ከንፈሩን ነክሷል። "እርስዎ ይለፉ። ጠርሙሱ ግን እዚህ ይቆያል፤ ትእዛዝ ነው። ሲመለሱ ይወስዱታል።"

ለመንኩት። በልጁ ለመንኩት፣ በእናቱ ለመንኩት። "ትእዛዝ ነው" አለኝ፤ ከዚያ በላይ ቃል አልነበረውም።

ባዶ እጄን መንገድ ላይ ቆምኩ። ልመለስ ወይስ ልሂድ? አፈር ባላደርስላት እንኳ "አውቄ አይደለም" የሚለውን ቃል ላድርስላት ብዬ ሄድኩ። አስኮ ታክሲ ውስጥ ሲንቄዬን በሁለት ጉልበቴ መካከል አቁሜ ተቀመጥኩ፤ ጣራውን ነክታ በመስኮት ወጣች። ረዳቱ "ማዘር፣ ልጅዎ ራሱን አስወጥቷል!" ብሎ ሰውን ሁሉ አሳቀብኝ።

ትምህርት ቤቱ በር ስደርስ ስምንት ሰዓት አልፏል። ያን ጊዜ ነው እጄን ያየሁት። ከላብ ጋር ተለውሶ እስከ አንጓዬ ድረስ ግራጫ ሆኗል። እኔ! በዚህ እጅ ዶክተር ልጨብጥ! በነጠላዬ ጫፍ ብጠርገው እምቢ አለ። ከዘበኛው ቤት አጠገብ ቧንቧ አየሁና ሮጬ ከፈትኩት፤ አፏጨ እንጂ ጠብታ የለም።

"ማዘር፣ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ የለም" አለኝ ዘበኛው። ሲንቄዬን ተቀብሎ፣ ምን እንደሆነች ያውቅ ነበር መሰለኝ፣ በአክብሮት ከግድግዳው አስጠግቶ አቆማት። እኔ ግን በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ውሃን ተራግሜ አላውቅም።

ኦብሴ ኮሪደሩ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሳጥኑ ተከፍቶ ጭኗ ላይ ነው። ስምንቱ እንጉዳዮች ያበራሉ። ቀና ብላ ስታየኝ አልጮኸችም፤ ባለቀሰ ዓይኗ ብቻ አየችኝ።

"እማ፣ መንገዱ ተዘግቶ የለም እንዴ? እንዴት መጣሽ?"

"በእግሬ። ልጄ፣ እኔ..."

"አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ" አለች። "አውቀሽ ነው?"

ልምላት አሰብኩ። ከዚያ ግን የወጣልኝ ይህ ነበር። "ያጠብኩት ቆሻሻ መስሎኝ ነው። እንዳትሄጂ ፈልጌም ነበር። ሁለቱም እውነት ነው። ግን ሁለቱ አልተገናኙም፤ ለዚህ እምልልሻለሁ። አፈርሽን ይዤልሽ መጥቼ ነበር፤ ግማሽ ኪሎውን እንዳለ አስኮ ላይ ወሰዱብኝ። ይኸው ባዶ እጄን ነው የመጣሁት።" ሁለት መዳፌን ዘርግቼ አሳየኋት።

ኦብሴ መዳፌን አየች። ብድግ አለችና እጄን ይዛ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው።

"እማ፣ ይሄ ምንድነው?"

"ቆሻሻ ነው ልጄ፤ ልታጠብ ብል ውሃ ጠፋ..."

"አልታጠብሽም?" ድምፅዋ ተለወጠ። "እማ፣ እንዳትነኪው! እጅሽን እንዳትዘጊ!"

ሮጣ ገብታ ጥቁር ፕላስተሯን አመጣች። በአንዱ እንጉዳይ ራስ ላይ ለጥፋ፣ መዳፌ መካከል ያለው መስመር ላይ፣ አፈሩ በወፈረበት፣ በቀስታ ጫን አድርጋ አነሣችው።

"ይበቃል?" አልኳት።

"ይተርፋል። የመርፌ ጫፍ ታህል ብቻ ነው የሚያስፈልገኝ።"

ግማሽ ኪሎ ተሸክሜ፣ እየቀመስኩ፣ እየለመንኩ! ለካ በጥፍሬ ሥር ያለው ለአንድ ዓመት ይበቃት ኖሯል።

ከዚያ አፈሩን ወርቅ አለበሱት፤ ስስ የወርቅ ብናኝ ይረጩበታል። እኔ ለሠርጌ ያላገኘሁትን ወርቅ ከመዳፌ የተነሣ ጭቃ ለበሰ። ማሽኑ ካለበት ክፍል ጥግ አስቀመጡኝና "እንዳይንቀሳቀሱ፤ ድምፅም ይረብሸዋል" አሉኝ። ትንፋሼን ያዝኩ። በስክሪኑ ላይ ተራራ ወጣ፤ ገደል፣ ዋሻ፣ በዋሻው ውስጥ ሌላ ዋሻ። ልጄ በሆዷ ተኝታ ጨው የምታይበት ፊት ነበር ፊቷ። ያን ፊት ካየሁት ብዙ ዘመን አልፎ ነበር፤ እንዳትሄድ ስከለክላት እሱን እየከለከልኩ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ዶክተሩ ገብተው ከኋላዋ ቆሙ። "ቀዳዳዎቹ ግሩም ናቸው" አሉ። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ሥዕሉ ጥግ ሰደዱ። እዚያ እንደ መርከብ ገመድ የወፈረ ነገር ተጋድሟል። "ይህስ?"

ኦብሴ አልዋሸችም። "ናሙናው ከእናቴ መዳፍ ላይ የተነሣ ነው ዶክተር። የነጠላዋ ክር ይመስለኛል።"

ዞረው አዩኝ። ከመነጽራቸው በላይ ረጅም ጊዜ አዩኝ። "ለጽሑፉ በንጹሕ ናሙና ትደግሚዋለሽ" አሏት። "ለዛሬ ግን ይበቃኛል።" ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ "እናቴ፣ በዚህ ማሽን ብዙ ክር አይቻለሁ፤ እንደዚህ የታጠበ ግን አላየሁም" አሉኝ።

ተመረጠች። አራት ዓመት ቆይታ ተመለሰች፤ በረዶው ምንም አላደረጋትም። ዛሬ እንደዚያ ያለ ማሽን ላይ ሌሎችን ታስተምራለች፤ ለተማሪዎቿ የምትነግራቸው የመጀመሪያ ሕግ "ናሙናችሁን ከእናታችሁ አርቁ" የሚል ነው አሉ። ያ ሥዕል ቢሮዋ ግድግዳ ላይ አለ። ገብቶ የሚያይ ሁሉ ተራራውን ያደንቃል፤ እኔ የማየው ጥጉን ነው። ስምንቱን እንጉዳዮች ለእኔ ሰጠችኝ። ጠርሙሱንም በማግስቱ ስመለስ አግኝቼዋለሁ፤ ፈታሾቹ አፈሩን ደፍተው ስኳር አድርገውበታል። ያ ጎልማሳ አፍሮ ሊያራግፍልኝ ሲነሣ፣ ይቅርላችሁ፣ ግን እጠቡት አልኩት።

ያን ዕለት ግን፣ ከትምህርት ቤቱ ስወጣ፣ ዘበኛው ሲንቄዬን እያቀበለኝ ደስ ብሎት "ማዘር፣ ውሃው መጣ!" አለኝ። ቧንቧው ይንዠቀዠቃል። ግራጫ እጄን አየሁት።

"ይቆይ ልጄ" አልኩትና መንገዴን ቀጠልኩ።